የአዝራር ሁኔታ

የአዝራር ሁኔታ በዴስክቶፕ ፕሮግራም መስኮት ላይ ያለ አዝራር (በተን) በአንድ ወቅት የሚገኝበት ደረጃ ነው። መልኩ ከሁኔታው ጋር እንዲለዋወጥ የሚደረገው ተጠቃሚው ትእዛዙ መድረስ አለመድረሱን እንዲያውቅ ነው። በሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ላይ «መዝግብ» የሚለው አዝራር ሲጫኑት መልኩ ካልተለወጠ፣ ሠራተኛው ደግሞ ሊጫነው ይችላል፤ ፕሮግራሙ ካልከለከለው አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

ዋና ዋና ሁኔታዎች

• መደበኛ፦ ሳይነካ የሚታይበት መልክ ነው።
• ጠቋሚ ያረፈበት (ሆቨር)፦ የማውስ ጠቋሚ ሲያርፍበት አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ትንሽ ይለወጣል።
• የተጫነ፦ በዊንዶውስ 95 ከፍ ብሎ የሚታየው አዝራር ሲጫን የጠርዞቹ ብርሃንና ጥላ ቦታ ስለሚለዋወጡ የሰመጠ ይመስል ነበር።
• ትኩረት ያገኘ (ፎከስ)፦ በኪቦርድ ሲደረስበት ዙሪያውን መስመር ይሠራለታል።
• የማይሠራ፦ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ቢጫኑትም ትእዛዝ አይቀበልም።

አሠራር

ኪዩት የተባለው የፕሮግራም መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 በ4.2 እትሙ ስታይል ሺትን አስገባ። በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ሁኔታ የራሱ ደንብ ይጻፋል። የአዝራሩ ጀርባና ጠርዝ በደንብ ከተተኩ የስርዓተ ክወናው የራሱ አሣሣል ስለሚቀር፣ የተጫነውንና የማይሠራውን መልክም መጻፍ ያስፈልጋል። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ደንቦች ሲጋጩ ኋላ የተጻፈው ይጸናል። ስለዚህ የ«ተጫነ» ደንብ ከ«ጠቋሚ ያረፈበት» በፊት ከተጻፈ አዝራሩ ሲጫን ለውጡ ላይታይ ይችላል፤ ጠቋሚው ያን ጊዜም በላዩ ነውና።

በዚያው ዓመት የወጣው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፕረዘንቴሽን ፋውንዴሽን ትሪገር የተባለ ዘዴ ይጠቀማል። በአዝራሩ ላይ በቀጥታ የተሰጠ ቀለም ግን የስታይሉን ትሪገር ይሽረዋል። ጂቲኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ከ3.0 እትሙ ወዲህ፣ ለድረ ገጽ ከሚያገለግለው ሲኤስኤስ ጋር የሚመሳሰል አጻጻፍ ይቀበላል።

በአማርኛ አዝራሮች

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው፣ በላቲን እንደሚደረገው ጽሑፉን ወደ ትልልቅ ፊደላት በመቀየር ሁኔታን ማሳየት አይቻልም። ፊደሉን ማወፈርም ችግር አለው፦ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ መደበኛ ውፍረት ብቻ ስላለው ድምቀቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈጥረዋል፤ በትንሽ መጠን ሲሆን ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ፊደላቱን ለመለየት ያስቸግራሉ። ስለዚህ የጀርባ ቀለምን፣ ጠርዝንና ምልክትን መለወጥ ይመረጣል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች ስላሉ ቀለም ብቻውን አይበቃም።