ዓይን ብቻውን አያይም

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና የሌላውን ጥግ በቆቡ ላይ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ክፍሉ በሙሉ ይወዛወዛል። አሁን ጣታችሁን አንሱና ዓይናችሁን ራሳችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። ክፍሉ ንቅንቅ አይልም! በሁለቱም ጊዜ ዓይናችሁ ውስጥ ያለው ምስል ተንሸራቷል። ታዲያ አንዱ ዓለምን ሲያናውጥ ሌላው ለምን ዝም አለ?

ይህችን ጥያቄ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጥብቆ ከያዟት አንዱ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነበር። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንጎል ዓይንን "ዙር" ሲለው ማዘዙን ራሱ ያውቃል፤ ስለዚህ ምስሉ ሲንሸራተት "ይሄ የእኔ ሥራ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ጣት ስትገፋ ግን እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አልወጣም።

ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1950 ከሁለት አገር በአንድ ጊዜ ማስረጃ አገኘ። ጀርመን ውስጥ ኤሪክ ፎን ሆልስትና ሆርስት ሚተልሽቴት የዝንብ ጭንቅላት 180 ዲግሪ ገልብጠው አጣበቁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሮጀር ስፔሪ የዓሣ ዓይን ገለበጠ። ዝንቧም ዓሣውም መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ክብ እየሠሩ ይሽከረከሩ ጀመር። አንጎላቸው የጠበቀውና ዓይናቸው ያመጣው ተቃራኒ ሆነ፤ ለማስተካከል በዞሩ ቁጥር ስህተቱ ይብሳል። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ትዕዛዙ ወደ ጡንቻ ሲሄድ ልክ በካርቦን እንደተጻፈ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ወደ እይታው ክፍል ይሄዳል የሚል ነው።

የዚህ ታሪክ ልብ ግን ያለው ድመቶቹ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ሄልድና አለን ሄይን ጨለማ ውስጥ ያደጉ 10 ጥንድ የድመት ግልገሎች ወሰዱ። በቀን ለ3 ሰዓት አንዷ ታስራ በራሷ እግር እየተራመደች ሽክርክሪት ትገፋለች፤ ሌላዋ በዚያው ሽክርክሪት ማዶ በተንጠለጠለ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ትዞራለች። ግድግዳው ያው፣ ብርሃኑ ያው። በኋላ ሲፈተኑ የተራመደችው ወደ ጠረጴዛ ሲያወርዷት እግሯን ትዘረጋለች፣ ገደል መሳይ ነገር ስታይ ትሸሻለች። ተሸክመው ያዞሯት ግን ይህን አታውቅም። ዓይኗ ጤነኛ ነው፣ ብሌኗም ለብርሃን ይጠባል። ግን ያየችውን ነገር ከእግሯ ጋር አላገናኘችውም።

በእነዚያው ዓመታት ዋናው የምርምር መንገድ በሌላ በኩል ይሄድ ነበር። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በማደንዘዣ የተኛች ድመት ፊት ስክሪን አቁመው፣ የአንጎሏ የእይታ ክፍል ሴሎች መስመርና ጠርዝ ሲያዩ እንደሚነቁ አሳዩ። ትልቅ ግኝት ነው። ግን የተኛ ድመት አይራመድም! ዓይን ካሜራ፣ አንጎል ደግሞ ፊልም አጣቢ ነው የሚለው ሥዕል እንዲያ እያለ ሰው ልብ ውስጥ ተቀመጠ። የሚገርመው፣ ሁለቱ የ1981ን የሕክምና ኖቤል የተካፈሉት ከዚያው ከዓሣው ሰው ከስፔሪ ጋር ነው። እሱ የተሸለመው ግን በዓሣው ሳይሆን በሁለቱ የአንጎል ክፋዮች ላይ በሠራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ክሪስቶፈር ኒልና ማይክል ስትራይከር አይጥን በአየር በሚንሳፈፍ ኳስ ላይ አቁመው ምስል አሳዩ። አይጧ ስትሮጥ፣ ቆማ ከምታይበት ጊዜ ይልቅ የእይታ ሴሎቿ ምላሽ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምስሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው እግሯ ነው።

"እንግዲያው እየሮጥን እናንብብ" እንዳትሉ ታዲያ! እ.ኤ.አ. በ2023 በዝንጀሮ መሰል እንስሳት ላይ የወጣ ጥናት፣ የሰውነት መወራጨት በእይታ ክፍላቸው ላይ ያለው ተጽዕኖ እጅግ ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። እኛ ደግሞ ከአይጥ ይልቅ ለእነሱ እንቀርባለን። የዓይናችን ትዕዛዝ ቅጂ ግን እኛም ዘንድ አለ፤ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ዓይናችን እየዘለለ ዓለም ፀጥ ብሎ የሚታየን ለዚህም ነው።

ማየት ቁጭ ብለን የምንቀበለው ስጦታ ይመስለናል። ስንኖር ግን የምንሠራው ሥራ ነው። ያቺ በሣጥን የዞረችው ድመትም የኋላ ኋላ ብርሃን ባለበት ክፍል ተለቀቀች። በ48 ሰዓት ውስጥ በእግሯ እየዞረች ሌላዋ የምታውቀውን ሁሉ ተማረች።