ቡናው ይመዘገባል፣ ለቃሚዋስ?

ስለ ቴፒ ሲወራ ቡናው ይቀድማል፤ ስንት ሄክታር እንደተተከለ፣ ስንት ኩንታል እንደተጫነ። ወሬው ቡናውን ልትለቅም ነፍሰ ጡር ሆና፣ ወይም አራስ ልጅ አዝላ ወደ መጣችው ሴት ሳይደርስ ያልቃል። እኛ ዛሬ የምናነሳው የእሷን ነገር ነው።

ቴፒ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ዝናብ የማይለየው የወባ አገር ነው። ደገኛ ወባን እንደማይችል አገራችን በብዙ ሕይወት ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ወደ ደጋው ሲወጣ 150,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። በ1977ቱ ድርቅ ግን ይህ ሁሉ ተረሳ። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነስቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ተወሰደ፤ ብዙው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ብዙውም ሳይወድ። ወባ የእርጉዝን ሴት ደም ያሳንሳል፣ ፅንሱንም ያቀጭጨዋል። ቆላ ያደገችው ከልጅነቷ ጀምሮ ደጋግሞ ስለያዛት ሰውነቷ ጥቂት ይከላከልላታል፤ ትናንት ከደጋ የወረደችው ግን ምን አላት? እንግዲህ ልዩነቱ የሚጀምረው ገና ክሊኒክ ሳይደረስ ነው።

የሰፈራው ሰው ቢያንስ ቆይቶ ቤትና ቀበሌ አገኘ። በየዓመቱ ከከፋ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ ለለቀማ የሚመጣው ግን ያንንም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ እናትና ሕፃን ይከታተላሉ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያጣጥለውን ሰው አንወድም። ነገር ግን መሠረቱ ቤት ነው። የሚመዘገበው አባወራ፣ እማወራ ነው። ካምፕ ውስጥ ለሦስት ወር የምታድር ሴት በየትኛው ቤት ትቆጠር? የጤና መድኅኑም እንዲሁ ነው፤ መዋጮው በቤተሰብ ይከፈላል፣ መታወቂያውም የሚሠራው የአገሯ ወረዳ ውል በገባባቸው ጤና ተቋማት ነው። የሥራ ሕጉስ? አዋጅ 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ቋሚዋ ሠራተኛ ትጠይቀዋለች። በኪሎ ለምትለቅመዋ ዘጠናው ቀን ከየት ይቆጠር?

(መዠንግርም እርሻውን እያፈራረቀ ሲዘዋወር የኖረ ሕዝብ ነው። ተንቀሳቃሽ ሰውና የመንግሥት መዝገብ አለመግባባታቸው እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።)

«መውለድም ማስከተብም ነፃ ነው፣ ማን ከለከላት?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነፃ ነው። ግን እስቲ ቀኑን አብረን እንቁጠር። ነሐሴ 15 የተወለደ ልጅ የስድስት ሳምንቱ ክትባት መስከረም 22 ይደርሳል። የአሥር ሳምንቱ ጥቅምት 20፣ የአሥራ አራቱ ኅዳር 18። ቡናው የሚቀላው መቼ ነው? በእነዚሁ ወራት አይደል! እናቲቱ የመጀመሪያውን አገሯ አስከትባ ትመጣለች። ለሁለተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ብትሄድ የዚያ ቀን ኪሎ ይቀርባታል፤ በቀን ገቢ ለሚኖር ሰው ይህ እራት ማጣት ነው። ሰውን «ግንዛቤ የለውም» ብሎ መውቀስ ይቀላል። እኛ ግን የለቀማው ወራትና የክትባቱ ቀን የተጋጩት በእሷ አላዋቂነት ነው ብለን አናምንም። በለቀማ ወቅት ክትባቱ ካምፕ ድረስ ይሂድ፤ ተከታዩም የትም ይሰጥ የት ለአገሯ ቀበሌ ይነገር። ለዚህ አዲስ ሐኪም ቤት መሥራት አያስፈልግም፤ ቡናው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ጆንያ በጆንያ ይታወቅ የለ?

የኩፍኙ ክትባት በዘጠነኛው ወር ነው፣ ግንቦት አጋማሽ። ያን ጊዜ ቡናው ተጭኖ አልቋል፤ እናቲቱም አገሯ ገብታለች። በቀበሌዋ መዝገብ ላይ ልጇ «ያቋረጠ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሦስተኛውን ቴፒ ወስዶ እንደሆነም መዝገቡ አያውቅም።