ባለመከለያ የጺም መላጫ

ባለመከለያ የጺም መላጫ በሁለቱም ጠርዙ የተሳለ አንድ ስስ ምላጭ በሁለት የብረት ክፍሎች መካከል ተቆልፎ፣ ስለቱ በጥቂቱ ብቻ ብቅ የሚልበት የእጅ መሣሪያ ነው። ከስለቱ ፊት ያለው መከለያ ቆዳውን ቀድሞ እየነካና እየወጠረ ስለሚሄድ ምላጩ ጠልቆ እንዳይገባ ያግደዋል። ስለዚህ መሣሪያ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ያለፈ ዘመን ትዝታ ወይም የምላጩ ርካሽነት ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ለጀማሪ ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። ጺም ያለ ጉዳት የሚላጨው ጸጉሩ በደንብ ሲርስና እጅ ሲቀልል ነው፤ ይህ መላጫ ደግሞ ሁለቱን ለሚዘል ሰው አይመችም። ጥቅሙም ከዚሁ አለመመቸቱ ይመነጫል።

ምላጭን በመከለያ የመሸፈን ሐሳብ ይህን መላጫ ለገበያ ካቀረበው ከኪንግ ካምፕ ጂሌት በፊት ነበር። ፈረንሳዊው ስለት ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት መከለያ ያለው ምላጭ ሠርቷል፤ ካምፍ የተባሉ ወንድማማቾችም በ1880 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የራሳቸውን ንድፍ አስመዝግበዋል። የእነሱ ምላጭ ግን ወፍራም ስለነበር በየጊዜው እየወጣ መሳል ነበረበት። ጂሌት ያመጣው አዲስ ነገር ሲደንዝ የሚጣል ስስ ምላጭ ነው። ስስ ብረትን ሳይጣመም አጠንክሮ መሳል ከባድ በመሆኑ፣ መሐንዲሱ ዊልያም ኒከርሰን መላውን ባያገኝለት ኖሮ ሐሳቡ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። በ1903 ሽያጭ ሲጀመር በዓመቱ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ፤ ፊትን በየቀኑ በራስ እጅ መላጨትም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ወንዶች ዘንድ ልማድ ሆነ። ጂሌት ያስቀረው የመሳልን ሙያ ነው፤ ጺምን የማዘጋጀት ሙያ በቦታው ነበር። ይህኛው እየተዘነጋ የመጣው በ1971 ባለሁለት ምላጭ ራስ ገበያ ላይ ከዋለ፣ ከዚያም ራሱ የፊትን ቅርጽ ተከትሎ የሚተጣጠፍ መላጫ ከተሠራ በኋላ ነው። የቸኮለ ሰው አረፋውን ቀብቶ፣ ተጭኖ፣ ጨርሶ መሄድ ቻለ።

ዝግጅቱ ለምን ያስፈልጋል ቢባል መልሱ ከጸጉሩ ተፈጥሮ ይገኛል። የጺም ጸጉር ደረቅ ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ሞቅ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ግን ውሃ መጥጦ ያብጣል፣ ለመቁረጥ የሚጠይቀው ኃይልም በጉልህ ይቀንሳል። ሳሙናው ውሃው ከጸጉሩ ላይ ቶሎ እንዳይተን ይይዛል፣ ምላጩንም ያንሸራትታል፤ ብሩሹ አረፋውን በየጸጉሩ ሥር ያደርሳል። የተጠናከረ ብረት እንኳ ከጸጉር ጋር ሲታገል እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ብረቱ ከጸጉር 50 ጊዜ ያህል የሚጠነክር ቢሆንም ጸጉሩ ስለቱን በተወሰነ አቅጣጫ ሲያገኘው ጠርዙን ሊሸርፈው እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ አንድ ምላጭ ከጥቂት ጊዜ በላይ አያገለግልም። መጎተት ሲጀምር ተጭኖ ማስቀጠል የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ መፍትሔው ምላጩን መለወጥ ነው።

አያያዙ ብዙ ምስጢር የለውም። የመላጫው ራስ ጉንጭ ላይ ጠፍጣፋ ይቀመጥና፣ ስለቱ ቆዳውን በ30 ዲግሪ ገደማ እስኪነካ ድረስ እጀታው ቀስ ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። ግፊት አይጨመርም፤ የመሣሪያው የራሱ ክብደት ይበቃል። የሚላጨው አጠር አጠር ባለ እንቅስቃሴ፣ በመጀመሪያ ዙር ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ነው። አቅጣጫው ፊት ላይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በተለይ አንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የሚተኛ ጸጉር ብዙ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በጣት እየዳሰሱ መለየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ዙር የሚፈልግ ሰው እንደገና አረፋ ቀብቶ በአግድም ይሄዳል። ከጸጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ መላጨትን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣት ሲዳሰስ ትንሽ የሚሻክር ጺም መተው ቆዳን አቁስሎ ከመለስለስ እጅግ ይሻላል።

ይህ ምክር ይበልጥ የሚመለከተው ጸጉሩ የተጠቀለለ ሰው ነው፤ ይህም ብዙ ኢትዮጵያውያንንና ሌሎች የአፍሪካ ተወላጆችን ይጨምራል። ከተላጨ በኋላ አንገትና አገጭ ላይ የሚወጣው ብጉር መሰል እባጭ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንድም የተቆረጠው ሹል ጸጉር ከወጣ በኋላ ተጠቅልሎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል፤ አንድም ከቆዳ በታች የተቆረጠ ጸጉር ገና ሳይወጣ የበቀለበትን ቀዳዳ ግድግዳ ይበሳል። ባለብዙ ምላጭ ራስ ለሁለተኛው ሁኔታ ይመቻል፦ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ስቦ ሲያወጣው የሚከተለው ይቆርጠዋል፣ ቀሪውም ከቆዳ በታች ይሸሸጋል። ነጠላ ምላጭ በቀላል እጅ ሲያዝ ግን ጸጉሩን ከቆዳው ጋር እኩል ይተወዋል። እርግጥ ነው፣ በደንብ ከተዘጋጁ በባለብዙ ምላጭ አዘውትሮ መላጨት እባጩን እንደማያባብስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ነገር ግን እነሱም ለዝግጅቱ ትልቅ ቦታ ሰጥተዋል፤ ነጠላ ምላጭ ደግሞ ዝግጅቱን ለመዝለል ዕድል አይሰጥም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ትክክል ነው፤ እባጩ ጠባሳ የሚተውበት ሰው ምንም ዓይነት ምላጭ ሳይነካ በቶንዶስ ጥቂት ጸጉር አስቀርቶ ቢያሳጥር ይሻለዋል። ይህን የመሰለ ሕመም ላለባቸው የአሜሪካ ወታደሮች ጺም እንዳይላጩ በሐኪም ፈቃድ ሲሰጥ ቆይቷል። የቆሰለውም እስኪድን መታገሥ አለበት።

አንዳንዱ መሣሪያው አደገኛ ነው ይላል። መቁረጥማ ይቆርጣል፤ አብዛኛው መቆረጥ ግን ከግፊት ወይም ምላጩን ወደ ጎን ከማንሸራተት የሚመጣ ስለሆነ እጅ ሲለምድ ይቀንሳል። ከዚህ የከፋው አደጋ ምላጭ መዋዋስ ነው። ኤችአይቪም ሆነ አንዳንድ የጉበት ቫይረሶች በደም ስለሚተላለፉ፣ ስለታም ነገር በጋራ አለመጠቀም በአገራችን የጤና ትምህርት ሲደጋገም የኖረ ምክር ነው። ጸጉር ቤት የሚላጭ ሰው አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይኑ ማየት ይገባዋል፤ ቤት ውስጥም ወንድም ከወንድሙ፣ ባል ከሚስቱ ጋር ምላጭ መጋራት የለባቸውም። ከተላጩ በኋላ መላጫው ይታጠባል፣ ይራገፋል፣ አየር ላይ ይደርቃል፤ ስለቱን በፎጣ መጥረግ ጣትንም ስለቱንም ይጎዳል። ያለቀ ምላጭ እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ ከተጣለ ቆሻሻ የሚያነሳውን ሰው ይቆርጣል፤ ስለዚህ በክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ በተበሳ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ጣሳው ሲሞላ ተዘግቶ መወገድ አለበት።