ከጋሪ ወደ ጠረጴዛ፤ የቼክ ልጆች የእንጨት ቴአትር

በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት፣ በፕራግም ሆነ በፕልዜን፣ ከምሳ በኋላ ሰሐኑ ተነሥቶ የምግቡ ጠረጴዛ ቴአትር ቤት የሚሆንባቸው ቤቶች ብዙ ነበሩ። ከቁም ሣጥን ላይ አንድ የጣውላ ሣጥን ይወርዳል፤ ፊቱ ሲከፈት መድረክ ነው። በግራና በቀኝ በመሮ በተፈለፈሉት ቦዮች ዛፍ ወይም ዓምድ የተሣለባቸው ካርቶኖች ይሰካሉ፤ ከበስተኋላ ሰማይና ተራራ የተሣለበት ሸራ ይወርዳል። አባት ወይም ታላቅ ወንድም ከሸራው ጀርባ ቆሞ ክሩን ይጨብጣል። መጋረጃው ሲነሣ ንጉሥ፣ ሰይጣን፣ ጠንቋይና ቀይ ልብስ የለበሰ አንድ ቀልደኛ በየተራ ይወጣሉ። ይህ የቤት ቴአትር የተወለደው ግን ከቤት ውስጥ አልነበረም፤ ከገጠር ጋሪ ላይ እንጂ።

የቼክ መኳንንት በ1620 በነጭ ተራራ ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሀብስቡርግ ንጉሣዊ ቤት አገሪቱን አጥብቆ ያዘ። እያደርም ጀርመንኛ የመሥሪያ ቤትና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሲሆን፣ ቼክኛ የገበሬና የአሽከር ቋንቋ ተብሎ ተናቀ። በዚህ ጊዜ ነው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ የቼክ አሻንጉሊት አጫዋቾች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ አሻንጉሊቶቻቸውን በጋሪ ጭነው ከመንደር መንደር መዞር የጀመሩት። ለመሥራት የባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ገዥዎቹም ከለማኝ ብዙም አይለዩአቸውም።

ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የሚነሣው ማትዬይ ኮፔትስኪ ነው (1775–1847)። ልጁ ቫትስላቭ የአባቱን ተውኔቶች በ1862 አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ ኮፔትስኪ የሕዝቡን ቋንቋ ከሞት ያዳነ ጀግና ተደርጎ ይወደስ ጀመር። ውዳሴው ከመጠን ያለፈ ነው። ሰውየው የሚዞረው እንጀራ ፍለጋ ነበር፤ ገበሬውም አሻንጉሊት ባያይ እንኳ በቼክኛ መነጋገሩን አይተውም ነበር። አጫዋቾቹ ያመጡት ሌላ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት ጀርመንኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ላቲን የሚሰማው ገበሬ በመጠጥ ቤቱ አዳራሽ በአንዲት ጠባብ መድረክ ላይ ዘውድ የጫነ ንጉሥ በእርሱ ቋንቋ ሲያዝዝ፣ ሊቁ ፋውስትም በእርሱ ቋንቋ ሲፈላሰፍ ሰማ። ቼክኛው የተንዛዛና ስሕተት የበዛበት ነበር፤ አንዱ አጫዋች የንጉሡንም የሰይጣኑንም ድምፅ ያወጣል። ቢሆንም ቋንቋው የቤተ መንግሥት ልብስ ለብሶ ታየ።

በአማርኛ «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል በሌላ እጅ ለሚዘወር መንግሥት መስደቢያ ሆኖ አገልግሏል። ካሽፓሬክ የተባለው ቀልደኛ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጌታው ፋውስት ነፍሱን ለሰይጣን ሲሸጥ፣ አሽከሩ ካሽፓሬክ በሁለት ቃል ሰይጣናቱን እየጠራና እየመለሰ ያደክማቸዋል። በክር የተያዘው እንጨት ክር ካልያዘው ሊቅ ይልቅ ነጻ ሆኖ ይገኛል።

ብሔራዊው ቴአትር በ1881 በፕራግ ከተከፈተ በኋላ የተማረው ክፍል ፊቱን ወደ ታላቁ መድረክ መለሰ፤ ባለጋሪዎቹም የልጆች መሣቂያ ሆነው ቀሩ። ሁኔታው የተለወጠው ይንድርዢህ ቬሴሊ የተባለው ምሁር የአሻንጉሊት ወዳጆችን ባሰባሰበ ጊዜ ነው። በ1912 «የቼክ አሻንጉሊት አጫዋች» የተባለ መጽሔት አቋቋመ። በዚያው ዓመት በሠዓሊው ሚኮላሽ አሌሽ ንድፍ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የቤት አሻንጉሊቶች ገበያ ላይ ዋሉ፤ ታዋቂ ሠዓሊዎች የነደፏቸው የመድረክ ሥዕሎችም ታትመው ተከተሉ። ለሕፃናት ጨዋታ የአገር ታላላቅ ብሩሾች መሰለፋቸው የሚደነቅ ነው። ዋጋውን መክፈል የማይችለው ቤተሰብ ግን ጣውላውን ራሱ መቁረጥ ነበረበት፤ የእንጨቱ ቴአትር ጥበብም ይበልጥ የኖረው በዚህኛው ቤት ነው ለማለት ይቻላል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ለራስ ቅሉ የሚመረጠው ሊንደን የሚባለው ዛፍ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ በቢላዋ ይታዘዛል። አፍንጫው ገዘፍ፣ የዐይኑ ጉድጓድ ጠለቅ ካላለ በደካማ መብራት ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ደረቱና ወገቡ ለየብቻ ተጠርበው በቆዳ ወይም በሽቦ ቀለበት ይያያዛሉ። ጉልበቱ ወደ ኋላ ብቻ እንዲታጠፍ ከፊቱ የእንጨት መግቻ ይተውለታል፤ አለዚያ ንጉሡ እንደ ሰካራም ይልፈሰፈሳል። እግሩ እንዳይንሳፈፍ ጫማው ውስጥ እርሳስ ይጨመራል። ከራሱ ላይ የሚነሣው ወፍራም ሽቦ ሰውነቱን ይሸከማል፤ እጆቹን ክሮች ያንቀሳቅሷቸዋል። ጣውላውን የመላገ፣ ካርቶኑን የቀባ ልጅ ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሳይውል ሳያድር ክሩን ይለምናል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በትምህርት ቤቶችና ሶኮል በተባለው የስፖርት ማኅበር ውስጥ የአማተር አሻንጉሊት ቴአትር ተስፋፋ። ከመካከሉ የወጣው ትልቁ ሰው በፕልዜን የሥዕል መምህር የነበረው ዮሴፍ ስኩፓ ነው። ይሠራበት የነበረው መድረክ ለድኻ ልጆች የዕረፍት ሰፈር ገንዘብ ለማሰባሰብ የቆመ ነበር። ካሬል ኖሴክ የጠረበው ሽፔይብል በ1920፣ ጉስታቭ ኖሴክ የጠረበው ልጁ ሁርቪኔክ በ1926 መድረክ ላይ ወጡ። ሽፔይብል ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ ሁርቪኔክ ሁሉን ጠያቂ ነው፤ አባትየው ለጥያቄ መልስ ሲያጣ የሚታየው ጭንቅ ሕፃንንም ሽማግሌንም አሣቀ። የዓለም አቀፉ የአሻንጉሊት ቴአትር ማኅበር በ1929 በፕራግ ሲመሠረት ቬሴሊ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የስኩፓ ደቀ መዝሙር ይርዢ ትርንካ ደግሞ በ1936 በፕራግ «የእንጨት ቴአትር» የተባለ መድረክ ከፈተ፤ በኋላም አሻንጉሊትን ወደ ፊልም አሻገረ።

የናዚ ወረራ ሲመጣ ሣቁ ወንጀል ሆነ። ስኩፓ በ1944 ተይዞ በድሬስደን ታሰረ፤ ከተማዋ በየካቲት 1945 በቦምብ ስትነድ ከሚቃጠለው ወህኒ ቤት አመለጠ። ቴአትሩ ታሽጎ ነበር፤ የየቤቱን ጠረጴዛ ለማሸግ ግን ለወራሪው ቀላል አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ስኩፓ በፕራግ ሥራውን ቀጠለ። በ1948 የወጣው የቴአትር ሕግ አሻንጉሊትን ከታላላቆቹ መድረኮች እኩል አደረገ፤ መንግሥት ደመወዝና አዳራሽ መደበ፤ በ1952 በፕራግ የኪነ ጥበብ አካዳሚ የአሻንጉሊት ትምህርት ክፍል ተከፈተ። በሌላ በኩል ያው ሕግ የግል ቴአትርን ስላስቀረ፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በጋሪ የዞሩት ቤተሰቦች ቦታ አጡ። ሙያው ከፍ ሲል ባለሙያው መውደቁ በእነዚያ ዓመታት በሚገባ አልታሰበበትም። የቤቱን ሣጥን ግን ከየትኛውም አዋጅ ይበልጥ ያዳከመው ቴሌቪዥን ነው።

ከጋሪውም ከጠረጴዛውም የተረፈው ዛሬ በኽሩዲም ከተማ ይታያል። ከ1951 ጀምሮ የአማተር አሻንጉሊት አጫዋቾች ፌስቲቫል በሚካሄድባት በዚህች ከተማ፣ በያን ማሊክ ስብስብ መነሻነት በ1972 የአሻንጉሊት ሙዚየም ተቋቋመ። በ1993 የተለያዩት ቼክና ስሎቫኪያም በ2016 የአሻንጉሊት ጥበባቸውን በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ያሰፈሩት በአንድነት ነው።