በሞተር ወደ አርባ ምንጭ በቡታጅራ መንገድ፦ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የሞጆ፣ የዝዋይና የሻሸመኔን መስመር ነው። ሌላ መንገድም አለ። በዓለም ገና ወጥቶ ጢያን፣ ቡታጅራን፣ ወራቤን፣ ሆሳዕናንና ሶዶን እያለፈ የሚወርደው ማለት ነው። 450 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። በሻሸመኔ ከሚሄደው ያጥራል፣ የከባድ መኪና ግፊያውም ይቀንሳል። ለሞተረኛ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መስመር ማግኘት ከባድ ነው፦ ጓሮው ሁሉ እንሰት፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ሐይቅ።

ለዚህ ጉዞ ትልቅ ሞተር አያስፈልግም። ባለ 125 ወይም ባለ 150 ሲሲ ይበቃል። የሚያስፈልገው ዕቅድ ነው። ያውም ስድስት ቀን የሚሞላ ዕቅድ። ለምን ስድስት እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ፀሐይን ቁጠሩ

ጉዞ ስናቅድ ሁላችንም የምንጠይቀው "ስንት ኪሎሜትር ነው?" ብለን ነው። በሞተር ሲሆን ግን ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ "ሲመሽ የት ነኝ?" የሚለው ነው።

የኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ ተመችቷል። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አትዛነፍም። ስለዚህ "አሁን 7 ሰዓት ነው" ሲባል ሰባቱ ሄዷል፣ አምስቱ ቀርቷል ማለት ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

1. የቀኑን ኪሎሜትር ለ35 አካፍሉ። ውጤቱ መንገድ ላይ የምታሳልፉት ሰዓት ነው። ሞተራችሁ ባዶ አስፋልት ላይ 70 ይሄድ ይሆናል፤ ግን ከተማው፣ የገበያ ቀኑ፣ ከብቱ፣ ጉድጓዱና ባጃጁ ሲጨመር ቀኑን ሙሉ ከ35 በላይ አማካይ መያዝ ቀላል አይደለም። ፒስታና ትልቅ ዳገት ከሆነ ለ25 አካፍሉ።
2. ለምግብና ለጉብኝት የምትቆሙበትን ደምሩ።
3. አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ጨምሩ። ጎማ ይተነፍሳል፣ ዝናብ ይመጣል።
4. ድምሩን ከ11 ሰዓት ላይ ቀንሱ። የሚቀረው የመጨረሻ የመነሻ ሰዓታችሁ ነው። ድምሩ ከ11 ካለፈ ቀኑ ሞልቷል፤ መንገዱን ለሁለት ክፈሉት።

ለምን 12 ሳይሆን 11? አልጋ ለመፈለግ፣ ለሞተሩ ማደሪያ ለመጠየቅና ካቴናውን ለማየት አንድ ሰዓት ብርሃን ስለሚያስፈልግ ነው።

አንድ እሁድ ከቡታጅራ ስመለስ ጢያ ሳልደርስ ጨለመብኝ። መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ ያየሁት ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ነው። አልወደቅኩም። ግን ማታ የሞተር መብራት ምን ያህል አጭር እንደሚያሳይ የገባኝ ያን ቀን ነው። ጋሪ፣ ከብት፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ተበላሽቶ ያለ ምልክት የቆመ አይሱዙ፣ ይሄ ሁሉ ጨለማ ውስጥ አለ።

መንገዱ ቀን በቀን

አንደኛ ቀን፦ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ (135 ኪሎሜትር ገደማ)

መጀመሪያ የምታገኙት አዋሽ ወንዝ ላይ ያለውን መልካ ቁንጡሬን ነው። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው፤ ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምም በዚሁ አካባቢ ናት፤ ወደ እሷ ለመሄድ ግን ከዋናው መንገድ መውጣት ስላለ ተጨማሪ ሰዓት ያዙ።

ቀጥሎ ጢያ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ የጎራዴ ምስል ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ነው የዓለም ቅርስ የሆነው። ከጢያ ወደ ቡታጅራ ስትወርዱ የጉራጌ ተራሮች በቀኛችሁ ይከተሏችኋል።

ከሰዓት በኋላ ብርሃን ካላችሁ ከቡታጅራ ብዙም የማይርቀውን ሐረ ሸይጣንን እዩ። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ከላይ ድንጋይ ወርውሮ ውሃው ላይ የሚያደርስ የለም ይባላል። ሞተሩን ከጠርዙ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ።

ስሌቱ፦ መንገድ 4፣ ሁለቱ ቦታዎች 2፣ ምሳ ግማሽ፣ ሐረ ሸይጣን አንድ ተኩል፣ መጠባበቂያ 1። ድምር 9 ሰዓት። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ ተነሱ። ከከተማ መውጫውን ጭንቅንቅ ለማምለጥ 12:30 ይሻላል።

ሁለተኛ ቀን፦ ከቡታጅራ ሶዶ (195 ኪሎሜትር ገደማ)

ረጅሙ ቀን ይሄ ነው። ወራቤ ቁርስ፣ ሆሳዕና ምሳ። ከሆሳዕና በኋላ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ አረንጓዴው ይበዛል። አረካ አካባቢ አጆራ የሚባለው መንታ ፏፏቴ አለ፤ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ያዙለት። ማረፊያችሁ በዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው ሶዶ ናት።

ስሌቱ፦ መንገድ 6፣ ቁርስ ግማሽ፣ ምሳ 1፣ አጆራ 2፣ መጠባበቂያ 1። ድምር 10:30። ከጠዋቱ 12:30 መነሳት ግድ ነው። ሆሳዕናን ለቃችሁ ስትወጡ ከ6 ሰዓት ካለፈ አጆራን ተዉት። ይሄን ውሳኔ ከቤት ወስናችሁ ውጡ፤ እዚያ ስትደርሱ "ትንሽ ነው፣ እንድረስ" የሚል ጓደኛ አይጠፋም።

ሦስተኛ ቀን፦ ከሶዶ አርባ ምንጭ (120 ኪሎሜትር ገደማ)

ከፍታው ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይመጣል። አባያ ሐይቅ በግራ ብቅ ይላል፣ ከዚያ የሙዝ እርሻ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ስለሆነ 1 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ከምሳ በፊት ትገባላችሁ። ከሰዓት ዓሣ ብሉ፣ አባያንና ጫሞን የሚለየውን "የእግዜር ድልድይ" ከላይ ሆናችሁ እዩ፣ ሞተሩንም አስፈትሹ። የነገው ዳገት ቀልድ አይደለም።

አራተኛ ቀን፦ ጨንቻና ዶርዜ (ደርሶ መልስ 74 ኪሎሜትር ገደማ)

አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጨንቻ ወደ 2,700። በ37 ኪሎሜትር ውስጥ 1,400 ሜትር ትወጣላችሁ ማለት ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር ጉልበት ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው፣ አትደንግጡ፣ ማርሽ ቀንሱ። ስትወርዱም በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል።

ዶርዜ ላይ ከቀርከሃና ከእንሰት የሚሠሩትን ረጃጅም ቤቶች ታያላችሁ። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ቁመታቸው ያጥራል። ሽሮ ሜዳ ከምታዩት ሽመና ብዙው የዚህ አካባቢ ሰዎች እጅ ነው። ቆጮውን በማርና በዳጣ ቅመሱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ የሰው ቤት ነው።

አምስተኛና ስድስተኛ ቀን፦ መመለስ

ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። "ሰኞ ሥራ አለኝ፣ እሁድ በአንድ ቀን እመለሳለሁ።" አስሉት፦ 450 ለ35 ሲካፈል 13 ሰዓት ገደማ። ቀኑ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ምሳ እንኳ ሳትበሉ፣ መጨረሻውን በድካምና በጨለማ ትነዳላችሁ። አምስተኛው ቀን ሆሳዕና እደሩ፣ ስድስተኛው ቀን ቤት ግቡ። ስድስት ቀን ከሌላችሁ ሆሳዕና ደርሳችሁ ተመለሱ። አርባ ምንጭ የትም አትሄድም።

መቼ ይሻላል?

ከኅዳር እስከ የካቲት። መንገዱ ደረቅ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ጭቃና ጭጋግ አለ፤ ወደ አርባ ምንጭ በኩል ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ይበረታል። የመስቀል ሰሞን የቡታጅራ መንገድ አገር ቤት በሚገባው ሰው ይጨናነቃል፣ አልጋም ይጠፋል።

ሞተሩ

ከመነሳታችሁ ከሳምንት በፊት አሠሩት። ዋዜማ ላይ የተሠራ ሞተር መንገድ ላይ ነው የሚፈተነው። ዘይት፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ የሁለቱ ጎማ ጥርስ፣ መብራትና ፍሬቻ ይታዩ። ከዚያ 50 ኪሎሜትር ነድታችሁ ሞክሩት።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦
• የፊትና የኋላ ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያ፣ ትንሽ ፓምፕ
• አንድ ካንዴላና መፍቻው
• የፍሪሲዮን ካቦ
• የካቴና ማያያዣ፣ ትንሽ ዘይት
• ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ፕላስተር

ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ችግሩ ጎማ የሚተነፍሰው በሁለት ከተማ መሃል መሆኑ ነው።

ቤንዚን

ማደያ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሞተራችሁን ፍጆታ እወቁ፦ ሙሉ ሙሉት፣ 100 ኪሎሜትር ንዱ፣ እንደገና ሙሉት። 2.5 ሊትር ከገባ በሊትር 40 ይሄዳል። አሥር ሊትር የሚይዝ ከሆነ 400 ኪሎሜትር ነው። ጭነትና ዳገት ስላለ ሩቡን ቀንሱ፣ 300 ብላችሁ ያዙ። ከዚያ አንድ ሕግ፦ ግማሽ ሲደርስ፣ ቤንዚን ያለው ማደያ ስታገኙ ቅዱ። "ቀጣዩ ከተማ" አትበሉ።

በሃይላንድ የሚሸጠው የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ውድ ነው፣ የተቀላቀለም ሊሆን ይችላል። በሃይላንድ ሞልታችሁ ቦርሳ ውስጥ አትያዙ።

ስልክ

• ካርታውን በዋይፋይ ሳላችሁ ለኦፍላይን አውርዱ። የሚያሳየው ሰዓት የመኪና ነው፤ እናንተ በ35 ያወጣችሁትን እመኑ።
• ማደያ ላይ ዳታ ቢጠፋ ቴሌብር በ*127# ይሠራል። የሚስጥር ቁጥራችሁን በቃላችሁ ያዙ። ጥሬ ብርም ይኑራችሁ፣ በሁለት ቦታ ተከፍሎ።
• በቴሌግራም ላይቭ ሎኬሽን ለአንድ ቤት ላለ ሰው ላኩ። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ፤ "6 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ እደውላለሁ" ብላችሁ ተስማሙ። ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል ይወቅ።
• 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ ነው። የምታድሩበትን ከተማ ሆስፒታል ስልክ ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ይሰበራል፣ ወረቀት አይሰበርም።

ወረቀትና ኬላ

የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ መታወቂያ። ሞተሩ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልና ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ላይ ቁጥጥር እንዳለ ታውቃላችሁ። ሌሎች ከተሞችም ሞተር ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዳይንቀሳቀስ የሚያግዱበት ጊዜ አለ። በጊዜ የገባ ሰው በዚህም ያተርፋል።

ኬላ ላይ ፍጥነት ቀንሱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ፊታችሁ እንዲታይ ሄልሜቱን አውልቁ፣ ሰላም በሉ። ፎቶ አታንሱ።

ደህንነት

መንገዱ ትናንት ሰላም ስለነበር ዛሬም ሰላም ነው አይባልም። በየጠዋቱ ሦስት ሰው ጠይቁ፦ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር፣ ያደራችሁበት ቤት ሰው፣ ቀጣዩ ከተማ ያለ የምታውቁት ሰው። ሦስቱ ካልተስማሙ አትሂዱ። መነሀሪያው ላይ አባዱላውና አውቶቡሱ ሳይወጣ ከዋለ እናንተም አትውጡ።

ሄልሜት ለሁለቱም ነው፣ ለነጂውም ለተቀማጩም፤ አገጭ ሥር ካልታሰረ እንዳልለበሳችሁት ቁጠሩት። ጃኬት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ልበሱ። ጨንቻ ይበርዳል፣ አርባ ምንጭ ይሞቃል፣ ወባም አለ፤ ለሁለቱም ተዘጋጁ። ጭነቱን ዝቅ አድርጋችሁ በካላማዳሪያ ላስቲክ እሰሩት፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ።

በቡድን ከሆናችሁ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን። የሱ ፍጥነት የሁላችሁም ፍጥነት ነው። አንድ ሰው ቢወድቅ መጀመሪያ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ። ራሱን ከሳተና እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አትጎትቱ፣ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ዋዜማ ላይ እነዚህን መልሱ

• ነገ 11 ሰዓት ላይ የት ነኝ?
• ከስንት ሰዓት ካለፈ የትኛውን ቦታ እተዋለሁ?
• ቤንዚኔ እስከ የት ያደርሰኛል?
• መንገዱን ማንን ጠየቅኩ?
• ካልደወልኩ ማን ይፈልገኛል?

አምስቱንም ከመለሳችሁ ተኙ፣ ጠዋት ትነሳላችሁ። አንዱ ከጎደለ መነሳቱን በአንድ ቀን አዘግዩት። አብሯችሁ ለሚሄደው ሰውም ይሄን ላኩለት፤ ጨለማ ላይ "ትንሽ ነው የቀረው" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። መልካም መንገድ!