ሃያ፣ አርባ፣ መቶ፦ የጨዋታ ነጥብ ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ ልጁን በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ ወደደም ጠላም፣ የውጤት ካርድ ተርጓሚ ነው። ልጁ ከሃያ 14 ሲያመጣ፣ አዲስ አበባ ላለው ዘመድ «ከመቶ 70 አገኘ» ተብሎ ይነገራል። ስሌቱ አልተዛነፈም፤ ትርጉሙ ግን ተበላሽቷል። በፈረንሳይ የባካሎሬያ ሥርዓት 14 «ጥሩ» የሚል ማዕረግ ያሰጣል፤ 16 «በጣም ጥሩ» ያሰኛል። ሃያውን ሙሉ ማግኘት እምብዛም አይታሰብም፤ ፈረንሳዮች ራሳቸው «ሃያ የእግዚአብሔር ነው፣ አሥራ ዘጠኝ የመምህሩ» እያሉ ይቀልዳሉ። ከመቶ 70 ግን በሌላ አገር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክብር የለውም።

ይህ የትርጉም ጣጣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሰዎችን እንጀራ እስከ መንካት የደረሰበት አንድ መስክ አለ፤ እርሱም የቪዲዮ ጌም ሂስ ነው። የመጽሐፍ ሃያሲ ለአንድ ልብ ወለድ ከሃያ 13 ሰጥቻለሁ ቢል አንባቢ ይስቅበት ነበር። የጌም ሃያሲ ግን ገና ከጅምሩ ነጥብ ሰጪ ሆኖ ነው ያደገው። ለመሆኑ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1981 በአሜሪካ «ኤሌክትሮኒክ ጌምስ»፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ «ኮምፒውተር ኤንድ ቪዲዮ ጌምስ»፣ በ1982 ደግሞ በፈረንሳይ «ቲልት» የተባሉት መጽሔቶች መታተም ጀመሩ። የጌም ዋጋ ለአንድ ወጣት ኪስ ከባድ ነበርና መጽሔቶቹ የተነሡት ከሁሉ በፊት የገበያ አማካሪ ሆነው ነው፤ «ይገዛ ወይስ ይቅር?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ከረጅም ሐተታ ይልቅ ቁጥር ፈጥኖ ይመልሳል። በ1985 የወጣው የእንግሊዙ «ዛፕ 64» ለአቀራረቡ፣ ለሥዕሉ፣ ለድምፁ፣ ተጫዋቹን ለማጥመድ ኃይሉ፣ ለዘላቂነቱና ለዋጋው ለየብቻ በመቶኛ እየመዘነ በመጨረሻ አጠቃላይ ፍርድ ይሰጥ ነበር። ሐሳቡ የሠለጠነ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ሰንጠረዥ የኮምፒውተር ቼዝና የተኩስ ጨዋታ በአንድ ዓምድ ይሰለፋሉ። ሙዚቃ የማያስፈልገው ቼዝ «ድምፅ» በሚለው ሥር ምን ይጻፍለት?

ጃፓኖች ሌላ መንገድ ያዙ። በ1986 የተመሠረተውና በኋላ «ፋሚጹ» የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ፍርዱን ለአንድ ሰው ሳይተው ለአራት ሃያስያን አከፋፈለው፤ እያንዳንዳቸው ከአሥር ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከአርባ ይሆናል። ሙሉ አርባ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1998 ለጀብዱ ጨዋታው «የዜልዳ ተረት፦ ኦካሪና ኦቭ ታይም» ነበር፤ መጽሔቱ እስከዚያ ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ታግሧል። በቀጣዩ ዓመት የፍልሚያ ጨዋታው «ሶልካሊበር»፣ በ2000 ደግሞ ገጸ ባሕርይን በመምራት የሚጫወቱት «ቬግራንት ስቶሪ» አርባ አገኙ። ሦስቱ በዘውግ የማይገናኙ ናቸው። አንዱ ለሳምንታት ዓለሙን እየዞሩ የሚያስሱት ነው፤ ሌላው በደቂቃዎች የሚያልቅ የጎራዴ ግጥሚያ ነው። አርባ ከአርባ እኩል ነው ቢባልም ምኑ ከምኑ ጋር እኩል እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። ጥንቃቄው የሚመሰገነው በሌላ ነገር ነው፤ አራቱ ሰዎች ሲለያዩ ልዩነታቸው በገጹ ላይ ይታይ ነበርና።

የዘውግ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቀሰው በሚያዝያ 1994 «ኤጅ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ«ዱም» ላይ የሰጠው ፍርድ ነው። «ዱም» ተጫዋቹ በጠመንጃ አፈሙዝ እያየ ጭራቆችን የሚያሳድድበት፣ ከእርሱ በኋላ ለመጡት የተኩስ ጨዋታዎች ሁሉ አባት የሆነ ሥራ ነው። ሃያሲው ከአሥር ሰባት ሰጠው፤ ቅሬታውም ከእነዚያ ፍጡራን ጋር መነጋገርና መወዳጀት ቢቻል ምንኛ መልካም ነበር የሚል ነበር። ተጫዋቾች ለዓመታት ሣቁበት። ሰውየው ግን እንዲህ በቀላሉ ሊጣል አይገባውም። ስሕተቱ ጨዋታውን በሌላ ዘውግ ሚዛን መመዘኑ ነው፤ ቀራርቶን በሽለላ ሕግ እንደ መተቸት ያለ። ያም ሆኖ ምክንያቱን ጽፎ አስቀምጧልና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ልንሟገተው እንችላለን። ከሰባቱ ቁጥር ጋር ግን ምን ሙግት ይኖራል?

ወደ ፈረንሳይኛው ዓለም ስንመለስ፣ ከሃያ የማረም ልማድ በፈረንሳይ ሊሴዎች በደንብ የጸናው በ1890 ነው። ወደ ጅቡቲም ከቅኝ አስተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ጋር መጥቶ ከ1977ቱ ነጻነት በኋላ ቀጥሏል። በ1997 የተመሠረተው «ዡ ቪዴኦ ዶት ኮም» ጌሞችን ከሃያ ሲያርም አዲስ ሚዛን አልፈጠረም፤ የፈረንሳይ ልጅ በየወሩ ቤቱ ይዞት የሚገባውን ቁጥር ወሰደ እንጂ። ለጅቡቲ ተማሪም ያ ቁጥር ማብራሪያ አላስፈለገውም። 13 ያገኘ ጨዋታ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል፤ ጎበዝ ባይሆንም የሚያልፍ ልጅ ነው።

ከዚያ በ2001 «ሜታክሪቲክ» መጣ። ሥራው የየአገሩን ሃያስያን ነጥብ ሰብስቦ፣ ሃያውንም አሥሩንም ኮከቡንም ወደ መቶ ለውጦ፣ ለአንዳንዱ ጽሑፍ ከሌላው የበለጠ ክብደት እየሰጠ አንድ አማካይ ማውጣት ነው፤ ለማን ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ግን አይገልጽም። እዚህ ላይ ከመግቢያችን የተነሣው የትርጉም ችግር በዓለም መድረክ ቆመ። ከሃያ 14 የተሰጠው ጨዋታ 70 ይሆናል። በሜታክሪቲክ ሥርዓት ጌም አረንጓዴ ቀለም የሚያገኘው ከ75 ጀምሮ ነውና ፈረንሳዊው «ጥሩ» ያለው ሥራ «የተደበላለቀ» የሚል ቢጫ ይለብሳል። ይባስ ብሎ፣ ለፊልም አረንጓዴው ከ61 ይጀምራል፤ አንድ ፊልምና አንድ ጌም እኩል 70 ቢያገኙ አንዱ አረንጓዴ ሌላው ቢጫ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጌም ሃያስያን ከ50 በታች ያለውን የሚዛን ግማሽ እምብዛም ስለማይነኩት፣ 70 በእነርሱ ዘንድ «መካከለኛ» ማለት ሆኗል። አንድ ተርጓሚ ቃልን በቃል ተክቶ ሲሄድ የሚደርሰው ጥፋት ይኸው ነው፤ እዚህ ግን ተርጓሚው ማሽን ነው፣ ወቃሽም የለውም።

ጥፋቱ በወረቀት አልቀረም። በ2010 የወጣውን «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የሠራው ኦብሲዲያን የተባለ ድርጅት ከአሳታሚው ጋር በገባው ውል መሠረት ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው ጨዋታው በሜታክሪቲክ 85 ካገኘ ነበር። ያገኘው 84 ነው። ይህን በ2012 በይፋ የተናገረው ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን ነው። አንድ ነጥብ! ከዚያ በፊትም በ2007 «ጌምስፖት» በተባለው ኅትመት ላይ ጄፍ ገርስትማን ለ«ኬን ኤንድ ሊንች» ከአሥር ስድስት ሰጠ፤ ገጹ በዚያው ጨዋታ ማስታወቂያ ተሸፍኖ ሳለ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከሥራው ተሰናበተ፤ ከስንብቱ ጀርባ የአሳታሚ ጫና እንደነበረበት ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ በይፋ አስረድቷል። ቁጥሩ ገንዘብ መሆኑን ሁለቱም ወገን ካወቀ ወዲያ ሃያሲው ዳኛ መሆኑ ያበቃል፤ የዋጋ ተመን አውጪ ይሆናል።

አንዳንዶች ሊሸሹት ሞክረዋል። የእንግሊዙ «ዩሮጌመር» በ2015 ነጥብን ትቶ «አስፈላጊ»፣ «የሚመከር»፣ «ይቅርብዎ» በሚሉ ማኅተሞች ተካ። በ2023 ወደ አምስት ኮከብ ተመለሰ። ቁጥር የለመደ አንባቢ ቃል አይበቃውም መሰል።

የእኛ አገር ሰው ጨዋታን እንዴት ይመዝን ነበር? ጅቡቲ ከተማ ገና ሳትቆረቆር፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ደግሞ በ1868፣ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በታተመው የጉዞ መጽሐፉ የሐበሾችን ሰንጠረዥ ሕግ ዘርዝሯል። ከዝርዝሩ ሁሉ የሚደንቀው የማሸነፍ ደረጃው ነው። ንጉሡን በግንብ ወይም በፈረስ መግደል ማሸነፍ ቢሆንም ጥበብ የጎደለው ተብሎ ይናቃል። በአንድ ፊል መግደል ያስኬዳል፤ በሁለት ፊል ያስጨበጭባል፤ በተራ ወታደሮች ከሆነ ግን ከሁሉ በላይ ይመሰገናል። ፊል በጥንቱ ሕግ በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ የምትዘል ደካማ ናት፤ ወታደሩማ ከእርሷም ያንሳል። ሚዛኑ የኃይል ተቃራኒ ነበር ማለት ነው፤ ባነሰ መሣሪያ የፈጸመ ይበልጣል። ይህ በእርግጥ የተጫዋቹ እንጂ የጨዋታው ሂስ አይደለም። ነገር ግን ከራሱ ከጨዋታው ሕግ የፈለቀ ሚዛን ነው፤ ለሌላ ጨዋታ አይዋስም፣ ወደ መቶም አይለወጥም።

ገበጣ ደግሞ መዝጋቢ እንጂ ነጥብ ሰጪ አልገጠመውም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቱትን ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል፤ ስንት ረድፍ፣ ስንት ጉድጓድ፣ ስንት ጠጠር፣ በየትኛው አገር፣ በምን ስም እንደሚጠራ። የሶማሌዎችን «ላይሊ ጎባሌ» የሚጫወት ሰው ከሰሜን ሰው ጋር ቢቀመጥ መጀመሪያ በሕጉ ይከራከራል እንጂ የማን ገበጣ ይበልጣል አይልም። የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ልዩነትን በዝርዝር መግለጹ ነው።

ዛሬ ሁለቱም ዓለሞች በአንድ ስልክ ላይ ናቸው። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው «ቅኔ ጌምስ» በ2018 «ኩኩሉ»ን አወጣ፤ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ እየሮጠች መሰናክል የምትዘልበት ጨዋታ ነው፤ በዚያው ዓመትም በአፍሪካ ደረጃ ተሸልሟል። ያው ድርጅት በኋላ ገበጣንም በስልክ አቅርቧል። አንደኛው የጣት ፍጥነት የሚፈትን ሩጫ ነው፣ ሁለተኛው ቁጭ ብለው ጠጠር የሚቆጥሩበት ስሌት፤ በስልኩ የመተግበሪያ መደብር ውስጥ ግን ሁለቱም የሚመዘኑት በእነዚያው አምስት ኮከቦች ነው።