የዝንጅብል ስም መንገድ

ስሙኝማ! ነገሩ የሚጀምረው በደቡብ ሕንድ፣ ዛሬ ኬረላ በምንለው የባሕር ዳርቻ ነው። ገበሬው ከርጥብ አፈር የሚነቅላት፣ ጣት ጣት ያላት፣ ሲሰብሯት ሽታዋ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሥር አለች። የአገሩ ሰዎች ዛሬም «ኢንጂ» ይሏታል፤ ሥርን ደግሞ «ቬር» ይላሉ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሁለቱን ቃል አጋቧቸው። እንግሊዞች «ጂንጀር» የሚሏት የዚያ ጋብቻ የልጅ ልጅ ናት።

ስሟ ወደ ሰሜን ዘልቃ ሳንስክሪት አዋቂዎች ጆሮ ገባች። በነሱ ቋንቋ «ሽሪንጋ» ቀንድ ነው። ሥሪቱን አገላብጠው ቢያዩ፣ እውነትም ቀንድ ቀንድ ትመስላለች! «ሽሪንጋቬራ» አሏት፤ ባለ ቀንድ አካል እንደ ማለት። ትርጉሙ ከሥሯ የመጣ አልነበረም፤ ግን እንዴት ያምርባታል!

ከዚያ መርከበኞች ነፋስ እየጠበቁ በቀይ ባሕር አሻገሯት። ግሪኮች «ዚንጊቤሪስ» አሏት። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ፕሊኒ አንዱ የሮማ ፓውንድ በ6 ዲናር እንደሚሸጥ ጻፈ። የምትበቅለውም በዓረብ ምድርና በቀይ ባሕር አፍሪካዊ ዳርቻ ነው አለ፤ የግሪኩ ሐኪም ዲዮስቆሪዶስም እንዲሁ። አልፈርድባቸውም። ዕቃው በዚያ በኩል እየመጣላቸው፣ ከጀርባው ያለውን የሕንድ ገበሬ ማን ይንገራቸው?

እንግሊዞችም ኖርማኖች በ1066 ሳይወሯቸው በፊት ከላቲን ወስደው «ጂንጂፈር» ይሏት ነበር፤ በመድኃኒት መጻሕፍታቸውም አለች። ኋላ የፈረንሳይኛው አጠራር ተደረበባት። ፈረንሳዮች በስኳር ለተዘፈዘፈ ዝንጅብል «ጀንጀምብራ» የሚል ስም ነበራቸው፤ የእንግሊዝ ጆሮ የቃሉን ጭራ «ብሬድ» ብሎ ሰማው፣ ዳቦ ማለት ነው። ስሙ ከተሳሳተ በኋላ ኬኩ ተከተለ፤ «ጂንጀርብሬድ» ዛሬም በገና ሰሞን ይጋገራል።

ሌላዋ እህት በፋርስና በሶርያ በኩል ወጥታ ዓረብኛ ደረሰች፤ «ዘንጀቢል» ተባለች። በቁርኣን 76ኛው ሱራ የጀነት መጠጥ የሚቀላቀለው በእሷ ነው። ከዓረቦች ደግሞ ወደ እኛ ተሻገረች፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በሙቀጫ የምንወቅጣት ዝንጅብል ይህችው ናት።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። እንግሊዝኛው በመንገዱ ብዙ ጥሎ፣ ከዚያች «ቬር» የተረፈው አንድ «ር» ነው። የእኛ ግን «ቬ»ን «ብ»፣ «ር»ን «ል» አድርጎ ሁለቱንም ይዟል። «ዝንጅብል» ስንል፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ብል» የኬረላ ገበሬ ሥር የሚልበት ቃል ናት።